ሱስ የሌለበት ሰው አለ? ልማድ፣ ጥገኝነትና ሱስ በድሬዳዋና በሐረር

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ጫት ጉዳት ማውራት የጀመረ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መልሱ ይመጣለታል፦ «አቦ ተወን! ሱስ የሌለበት ማን አለ?» ቡና ካልጠጣ የማይነቃው፣ ስልኩን ከእጁ የማይለየው፣ ኳስ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሁሉ ይቆጠርና ክርክሩ በሣቅ ያልቃል። ሐረር ቢኬድም ያው ነው። በቅርብ ዓመታት ይኸው አባባል ከበርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ከሚቃምበት ጨዋታ፣ ወጥቶ በቲክቶክና በዩቲዩብ የምክር ቪዲዮዎች በኩል ሌላ ልብስ ለብሶ ተመልሷል፤ «ሁላችንም የዶፓሚን ሱሰኞች ነን» ይባላል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ራሱን ለመከላከል፣ ሁለተኛው ሰሚውን ለማስደንገጥ ይጠቀምበታል። የሚደርሱበት ቦታ ግን አንድ ነው፦ ሁሉም ሱሰኛ ከሆነ ልዩነቱ የሱሱ ዓይነት ብቻ ነው።

አባባሉ ግማሹ እውነት ስለሆነ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። የቀረው ግማሽ ግን ጉዳት ያመጣል፤ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ከማያስፈልገው ጋር አንድ ላይ ደባልቆ ይሰውረዋል። መቃም የዕለቱ ፕሮግራም አካል በሆነባቸው በእነዚህ ሁለት ከተሞች መሰወሩ ይበልጥ ቀላል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## እውነት የሆነው ግማሽ

ዶፓሚን የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። «የደስታ ኬሚካል» የሚለው የተለመደ ስሙ ያሳስታል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ጭማቂ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ምልክት ይታያቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ የዶፓሚን ሕዋሳቱ የሚነቃቁት ጭማቂው ሲቀመስ ነው። ጦጣዎቹ ነገሩን ሲለምዱት መነቃቃቱ ወደ ምልክቱ ተሻገረ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ የሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ከወትሮው በታች ወረደ። ኬሚካሉ ከማጣጣም ይልቅ የመጠበቅ ጉዳይ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የድሬ ቃሚ ይህን ያለ ላቦራቶሪም ያውቀዋል። ምሳ ተበልቶ፣ ፀሐዩ ከርሮ፣ ከአወዳይ የመጣው ጫት ከመጠቅለያው ሲፈታ አንዲት ቀንበጥ አፍ ሳትገባ ስሜቱ ይቀየራል። ሰዓቱ አልፎ ጫቱ ከዘገየ ደግሞ ሐራራው ይመጣል፤ ሰው ይነጫነጫል፣ ያዛጋል፣ መንገድ መንገዱን ያያል።

ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 አንድ እርምጃ ጨመሩበት። በአንጎል ውስጥ መፈለግና መውደድ በተለያየ መንገድ እንደሚሠሩ፣ ሱስም የመፈለጉ መንገድ ከልክ በላይ ሲነቃቃ የሚመጣ እንደሆነ አስረዱ። አንድ ሰው የማይደሰትበትን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ የሚችለው ለዚህ ነው። «እንደ ድሮው አልመረቅንም፣ ግን ካልቃምኩ አይሆንልኝም» የሚለው የቆየ ቃሚ የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

ይህ የመፈለግ ሥርዓት የሌለው ሰው የለም። ምግብ ፍለጋ የሚያስኬደን፣ ስልክ ሲንጫጭ እጃችንን ወደ ኪስ የሚልከው እሱ ነው። «ሁሉም ሱሰኛ ነው» የሚለው አባባል እስከዚህ ድረስ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ የደም ግፊት የሌለው ሰው ባይኖርም የደም ግፊት በሽተኛው ሁሉም አይደለም። ሥርዓቱ የጋራ መሆኑ በሽታውን የጋራ አያደርገውም።

## ቡና፦ ሰውነት ይለምዳል፣ ኑሮ አይናጋም

ከሁሉም በላይ ለአባባሉ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ቡና ነው። ቡናው ከራሳችን ደጅ ነው፤ ሐረር በዓለም ገበያ የታወቀ የቡና ስም ሲሆን፣ አገሩ ከፍሬው አልፎ ከቡና ቅጠል ቁጢ የሚያፈላ ነው። ጠዋት ቡናው የቀረበት ሰው ራሱን ሲያመው «ይኸው ሱስ!» ይባላል።

የራስ ምታቱ እውነተኛ ነው። አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀኑን ሙሉ በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካም እንዲሰማን ያደርጋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን የአዴኖሲንን መቀበያዎች ይዘጋል። በየቀኑ ሲዘጉ የኖሩት መቀበያዎች ቡናው በድንገት ሲቀር ክፍት ይሆናሉ፤ የራስ ቅል ውስጥ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈልጣል። ምልክቱ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በአንድና በሁለት ቀን ይበረታል፤ ከ2 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ይጠፋል።

ሐኪሞች ይህን የሰውነት ጥገኝነት ይሉታል። ሰውነት አንድን ነገር ለምዶ ሲቀርበት የሚያሳየው የማቋረጥ ሕመም ነው። ሱስ ከዚህ ሰፊ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ (ዲኤስኤም 5) ካፌንን ማቋረጥ የሚያመጣው ሕመም እንደ ምርመራ ውጤት ተመዝግቧል፤ የካፌን ሱስ ግን ገና ጥናት ከሚፈልጉት ዝርዝር ውስጥ ነው የገባው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለቡና ሲል ቤቱን የሸጠ፣ ከሥራ የተባረረ፣ ልጁን ያስራበ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ተቃራኒውም አለ። በካንሰር ሕመም ምክንያት በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን የሚወስድ ታማሚ ሰውነቱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ በድንገት ቢቆምበት ይታመማል። ያው መመሪያ እንዲህ ያለውን ሰው መላመድና የማቋረጥ ሕመም ስላለበት ብቻ ሱሰኛ አትበሉት ይላል። በእኛ አገር ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለሚፈራ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የታማሚውን ሌሊት የሚወስን ነው።

## መስመሩ የሚሰመረው የት ላይ ነው?

ዲኤስኤም 5 ለሱስ 11 መለኪያዎችን ያስቀምጣል። ከታሰበው በላይ መጠቀም፣ ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ ብዙ ጊዜ በእሱ ማጥፋት፣ አምሮት፣ ከሥራና ከቤተሰብ ኃላፊነት መጉደል፣ ከሰው ጋር እያጣላም መቀጠል፣ ሌሎች ነገሮችን መተው፣ አደገኛ በሆነ ሁኔታ መጠቀም፣ ጤናን እየጎዳ መሆኑ እየታወቀ መቀጠል፣ መጠኑን መጨመርና የማቋረጥ ሕመም ናቸው። በ12 ወራት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ የታዩበት ቀላል፣ አራት ወይም አምስቱ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የታዩበት ከባድ ይባላል። አምሮት ከ11ዱ አንዱ ብቻ ስለሆነ «አማረኝ» ማለት ለብቻው የትም አያደርስም።

ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ (አይሲዲ 11) ነገሩን ወደ ሦስት ያጠቃልለዋል፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ነገሩ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ እየቀደመ መሄዱ፣ እና የሰውነት መላመድ ወይም የማቋረጥ ሕመም። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሊታዩ ይገባል።

በእነዚህ መመሪያዎች ላይም ቅሬታ አለ። በሁለት ምልክት ብቻ «ቀላል ሱስ» ማለት በሩን ከልክ በላይ ይከፍታል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ትችታቸውም ተገቢ ይመስላል። በሩ እንዲህ ሰፍቶም እንኳ ሁሉም ሰው አይገባበትም። በአሜሪካ በተካሄደና በ1994 በወጣ ሰፊ ጥናት፣ በሕይወታቸው አንዴም ቢሆን ከሞከሩት መካከል ወደ ጥገኝነት (በዚያን ጊዜ መመሪያ ሱስ የሚጠራበት ስም ነው) የደረሱት ለትምባሆ 32 በመቶ፣ ለሄሮይን 23 በመቶ፣ ለኮኬይን 17 በመቶ፣ ለአልኮል 15 በመቶ ነበሩ። ሄሮይንን ያህል ነገር ከሞከሩት እንኳ አብዛኞቹ ጥገኛ አልሆኑም። ሕጋዊው ሲጋራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከምክንያቶቹ አንዱ ፍጥነት ነው። የሲጋራ ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ሽልማቱ ከድርጊቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ አንጎል ቶሎ ይማረዋል፤ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ትምህርቱን በቀን መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋግመዋል።

## ከተማው በአንድ ሰዓት ሲቅም

ጫት ከዚህ አንፃር ዘገምተኛ ነው። ዋናው አነቃቂ ካቲኖን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው ጠንካራ አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚጣደፈው መኪና ሩጫው ከዚህ ኬሚስትሪ ጋር ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ጫፍ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ጉንጭ ውስጥ እየተመጠጠ ቀስ ብሎ ይገባልና።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ ጥገኝነት የማምጣት አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መግባት አያስፈልገውም ብሏል። ካቲኖን ለብቻው ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ጫትን የሚደግፍ የመጀመሪያውን፣ የሚቃወም ሁለተኛውን ይጠቅሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቅጠሉና ንጹሕ ንጥረ ነገሩ አንድ አይደሉም።

ዝቅተኛ ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም፤ በተለይ የሚቅመው ሕዝብ ብዙ ሲሆን። ከ2011 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወጣ ትንተና ጫት የሚቅሙ አዋቂዎች በአገር ደረጃ 15.3 በመቶ ሲሆኑ በሐረሪ ክልል 53.2 በመቶ ነበሩ፤ በትግራይ 1.1 በመቶ ብቻ። ቁጥሩን ከሁለት በኩል ማንበብ ይቻላል። ሐረር ውስጥ መቃም ከአለመቃም ይበልጥ የተለመደ ነው። በዚያው ልክ በአገሪቱ ዋነኛ የጫት አካባቢ እንኳ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው አይቅምም፤ «እዚህ የማይቅም ማን አለ?» ለሚለው ሰው መልሱ ከሁለት ጎረቤቱ አንዱ ነው።

ልማዱም የትናንት አይደለም። በአፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ የኢፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደዛተ ተጽፏል። በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተንም የከተማዋን አዋቂዎች ሲቅሙ አይቷል። ጫት እዚህ የጸሎት፣ የሽምግልና፣ የለቅሶና የሠርግ አጋር ሆኖ ነው የኖረው። ገበሬው ለእርሻ፣ ሾፌሩ ለሌሊት ጉዞ፣ ተማሪው ለፈተና ይቅማል። ይህን ሁሉ ሱስ ብሎ መጠቅለል አይቻልም።

ችግሩ ልማዱ ሱስን መደበቁ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሐረሪ ቤት ነደባ (መቀመጫ መደብ) ላይ ጎን ለጎን ተደግፈዋል እንበል። ውሃው፣ ለስላሳው፣ ለውዙ፣ ሲጋራው መካከላቸው ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለቱን የሚለይ ነገር የለም፤ ያው ጨዋታ፣ ያው ምርቃና፣ ምናልባትም ያው መጠን። አንዱ ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል፣ ማታ ራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ነገ እንግዳ ቢመጣበት ወይም ልጁ ቢታመም በርጫው ይቀራል፤ ቢበዛ ሲያዛጋ ይውላል። ሁለተኛው ምርቃናው አላስተኛ ስለሚለው ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ አንዳንዴም የእንቅልፍ ክኒን ይውጣል። ጠዋት ሰውነቱ ስለማይታዘዘው ቁርስ ሳይበላ በኢጀባና፣ ማለትም በማለዳው ጫት፣ ዓይኑን ይከፍታል። ከምሳ በፊት ሁለተኛውን ጫት ለመግዛት ተበድሯል። ቢያቋርጠው ድብርት፣ ድካምና በእንቅልፍ የሚያስጨንቀው ዱካክ ይጠብቁታል።

ሁለቱን ለመለየት በርጫ ቤት ቁጭ ብሎ ማየት አይጠቅምም። ልዩነቱ ያለው ከበርጫው በፊትና በኋላ፣ ጫቱ ከሌላ ጉዳይ ጋር በተጋጨበት ሰዓት ነው። ማንም የማይቅምበት አገር ቢሆን ሁለተኛው ሰው ገና ከጅምሩ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ብዙው ሰው በሚቅምበት ከተማ ግን ቤተሰቡ እንኳ የሚነቃው ዕቃ ከቤት መጥፋት ሲጀምር ነው። በእኔ ግምት ከጫቱ ኬሚካል ይልቅ ለድሬዳዋና ለሐረር አሳሳቢው ይህ ነው።

## ቦታ ሲቀየር

ሱስ በሰውየው ውስጥ ብቻ የሚኖር ከሆነ የትም ቢሄድ አብሮት መሄድ ነበረበት። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች 20 በመቶ ያህሉ እዚያው ሳሉ የሄሮይንና የመሰል ነገሮች ሱሰኛ ነበሩ። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ተከታትላ፣ እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት በመጀመሪያው ዓመት ዳግም የወደቁት 5 በመቶ ገደማ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘች። አብዛኞቹ ያለ ሕክምና ነው የተዉት። ጫካው፣ ፍርሃቱ፣ አብሮ የሚያጨሰው ጓደኛ፣ ርካሹ ዋጋ፣ ሁሉም እዚያው ቀርቷል።

ለዚህ የቅርብ ምሳሌ ሐጅ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ጫት ያስቀጣል። ዕድሜ ልካቸውን የቃሙ አባቶች ለሐጅ ሄደው ሳምንታት ያለ ጫት ይቆያሉ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ቢሆኑም ነገሩ ያልፋል። በረመዳን ደግሞ መቃሙ ከቀን ወደ ማታ ይሸጋገራል። ይህ ለጫት ተከራካሪዎች ትልቅ ማስረጃ ነው፤ «ሱስ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይተው ነበር?» ይላሉ። ክብደት ያለው ክርክር ነው። ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ሰዓት መቀየር መተው አይደለም፤ አጫሹም በረመዳን ቀኑን ይጾማል። ሁለተኛ፣ ወታደሮቹ የተመለሱት ሄሮይኑ ወደሌለበት ቤት ሲሆን፣ ሐጂው የሚመለሰው ወደዚያው ነደባ፣ ወደዚያው የስምንት ሰዓት ፀሐይ ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ ወጣት በሁለተኛው ሳምንት መልሶ ሲቅም ቤተሰቡ «ወኔ የለውም» ይላል። የጀመረውን ሥራ ያፈረሰበት ግን የወኔ ማነስ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ምልክት ሆኖት የኖረው ሰፈር ጭምር ሊሆን ይችላል።

## ሽታ የሌለው ሱስ

የስፖርት ውርርድ በጉንጭ አይታይም፣ በትንፋሽ አይሸትም፣ አብሮ መቀመጥንም አይጠይቅም። ቁማር በ2013ቱ መመሪያ ከአልኮልና ከሄሮይን ጋር በአንድ ምዕራፍ የገባ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር አልባ ሱስ ነው።

እንዴት እንደሚይዝ ለማየት የወጣቶቹን የዘወትር ምሬት መስማት ይበቃል፦ «አንድ ጨዋታ ገደለኝ!» አሥር ጨዋታ ያለበት ትኬት ተቆርጦ እያንዳንዱን የመገመት ዕድል 60 በመቶ ነው ብንል፣ ይህም ለጋስ ግምት ነው፣ አሥሩም የሚሰምሩት ከ1,000 ትኬት በ6ቱ ብቻ ነው። ዘጠኙ ሰምረው አንዱ ብቻ የሚያበላሸው ደግሞ በ40ው ነው። ማለትም ለጥቂት ማምለጥ ከማሸነፍ ወደ ሰባት እጥፍ ይደጋገማል። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት ለጥቂት የመሳት አጋጣሚ ተጫዋቹን ቢያበሳጨውም በአንጎሉ ውስጥ ማሸነፍ የሚያነቃቃቸውን አካባቢዎች ያነቃቃል፤ እንደገና የመጫወት ፍላጎቱንም ይጨምራል። ረጅም ትኬት ኪሳራን እንደ «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» አድርጎ ይሸጣል።

ስለ ስልክ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መጨረሻ የሌለው ገጽና መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ «ላይክ» የሚሠሩት በዚሁ የመጠበቅ መንገድ ነው። ከስልኩ ጋር ከሚያያዙት መካከል ግን በዓለም አቀፉ ምደባ እንደ ሱስ የተመዘገቡት የቪዲዮ ጨዋታና ቁማር ናቸው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ በራሱ በሁለቱም መመሪያዎች የለም። ወደፊት ሊገባ ይችላል። እስከዚያ «የቲክቶክ ሱሰኛ» የሚለው ነቀፌታ እንጂ ምርመራ አይደለም።

## በሽታ ነው ወይስ ምርጫ?

በ1997 የአሜሪካን የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ይመራ የነበረው አለን ሌሽነር ሱስ የአንጎል በሽታ ነው ሲል ጻፈ፤ ተተኪዋ ኖራ ቮልኮውም አስተሳሰቡን ገፋችበት። ለሱስ የመጋለጥ ልዩነት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር መያያዙ ይደግፈዋል። ጂን ሄይማን የተባለው ተመራማሪ በበኩሉ ብዙዎቹ ሱሰኞች በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ያለ ሕክምና እንደሚተዉ ጠቅሶ ነገሩ የተበላሸ ምርጫ ነው ይላል፤ ሥራ፣ ትዳርና ልጅ ሲመጣ ሚዛኑ ይቀየራል።

ሁለቱ የሚያዩት ተመሳሳይ ሰው አይመስልም። ሆስፒታል የሚደርሰው ከሱሱ ጋር ድባቴ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ሥራና ዘመድ የራቀው ነው፤ በጥናት ቅጽ ላይ የሚገኘው ደግሞ በራሱ ጊዜ የተወው ነው። በሃይማኖት አባቶች ዘንድ ያለው ሦስተኛው አስተያየት ጉዳዩን የኃጢአትና የንስሐ ያደርገዋል። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ መተዉ መካድ የለበትም፤ ቃል ኪዳኑ ብቻውን ሳይሆን አብሮት የሚመጣው አዲስ ጓደኛና አዲስ የቀን ፕሮግራም ይረዳል።

## መደባለቁ የሚያስከትለው

«ሁሉም ሱሰኛ ነው» ማለት ኀፍረትን ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅሙ ነው፣ ያፈረ ሰው እርዳታ አይጠይቅምና። ጉዳቱ ግን ሁሉንም ሱስ አንድ መድኃኒት ያለው ማስመሰሉ ነው። ቡና ወይም ጫት በድንገት ቢቆም ያስቸግራል እንጂ ለሕይወት አያሰጋም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ አልኮል ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ግን መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል፤ ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ለጨብሲ በየማታው የሚጠጣ ሰው ራሱን የሚቆጥረው ከቃሚ ነው፤ ጫቱን ልተው ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሲያቆም አደጋው ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ፖሊሲም ይዛባል። ብሪታንያ በ2014 ጫትን ስትከለክል የመንግሥቱ አማካሪ ምክር ቤት ከአንድ ዓመት በፊት ክልከላውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ዋጋው ስለሚሻል፣ ድርቅ ስለሚችልና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚቀነጠስ ነው፤ ቃሚውን ሁሉ ሱሰኛ የሚያደርግ ፖሊሲ ይህን ገበሬ አቅራቢ ወንጀለኛ ያደርገዋል። ቃሚውን ሁሉ ጤነኛ የሚያደርግ ፖሊሲ ደግሞ ለሁለተኛው ሰው አልጋም ባለሙያም አይመድብም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልና ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉ ከሁለቱም ጫፍ የተለየ መንገድ ነው፤ ዕቃውን ሳይሆን ለመልመድ የሚቀልለውን ዕድሜ ይጠብቃል። (የአዋጁ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው።)

## በጤና ጣቢያ የሚጠየቀው

ድሬዳዋ ውስጥ «ትቅማለህ?» ብሎ መጠየቅ ለባለሙያው ብዙ አይነግረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የተባለ መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች አሉት፤ በመጀመሪያው ዕቃውን ይለይና በቀሪዎቹ ወደ ግጭቱ ይገባል። ባለፉት ሦስት ወራት ምን ያህል ጊዜ አጥብቆ አማረህ? ከአንተ የሚጠበቀውን ሥራ ሳትሠራ የቀረኸው ስንት ጊዜ ነው? ዘመድ ወይም ጓደኛ አሳስቦት ነግሮህ ያውቃል? ለመቀነስ ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል? ከትምባሆ ጀምሮ እስከ ሄሮይንና መሰሎቹ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ጫቱ ዝቅተኛ፣ ጨብሲው ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ሰው የትኛው ላይ ቶሎ መታከም እንዳለበት ያውቃል።

ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነው መረጃ ተሰጥቶት ይሄዳል። መካከለኛው ከ3 እስከ 15 ደቂቃ የሚወስድ ምክር ያገኛል፤ ለዚህ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ይበቃል። ከፍተኛው ወደ አእምሮ ሕክምና ይላካል። ከነደባው ሁለት ሰዎች የመጀመሪያው በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ወደ ሱቁ ሊመለስ ይችላል። ለሁለተኛው ግን ሰዓቱን ሰፋ አድርጎ መያዝ፣ ቀጠሮውንም ከስምንት ሰዓት በፊት ማድረግ ያስፈልጋል።